የሰማህ ላልሰማ አሰማ



ለዚህ ዓመት መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ብጽፍ እንደሚሻል መክረውኝ ነበር። ምክራቸው መልካም ነው። ነገር ግን የደብረ ታቦር ልጅ ብዕር ባነሣ ቍጥር ዐፄ ቴዎድሮስን ከመቅደላ እየጠራ ማድከም የለበትም ብዬ ስለማስብ፥ እኔ የመረጥሁት አንድ ተራ ነገር ነው፤ ይኸውም ማስታወቂያ ነው።

በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በየቀኑ ስንት ማስታወቂያ እንደሚለጠፍ ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ስለሚቋረጥ ቀድማችሁ ቅዱ የሚል አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋበትን ሰዓት የሚናገር አለ፤ ከመሸ በኋላ በኋለኛው በር መመላለስ ለአደጋ ያጋልጣል ብሎ የሚያስጠነቅቅ አለ፤ በመጪው ቅዳሜ እንዲህ ያለ ጉባኤ ይደረጋል የሚልም አለ። ከተማችንም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያነበበ ሰው አንብቦ ያልፋል፤ በማግሥቱም ይረሳዋል። ያላነበበው ሰው ምን እንደሚሆን ግን እኔ በዘመዴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ፤ በነገሩም ውስጥ የራሴ ጥፋት ስላለበት ሳልደብቅ እናገራለሁ።

የአክስቴ ልጅ የተወለደችው ከጉና ተራራ ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። ከመንደሯ እስከ መኪናው መንገድ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ አለፈች። ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያሻም፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የእርሷ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዓመት ከመንደሯ ያለፈች ሴት ልጅ እርሷ ብቻ ስለ ነበረች፥ ቤተ ሰቡ እንደ ሠርግ ነበር የተደሰተው።

የተመደበችው ከዚህ ሩቅ ወደ ሆነ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማንንም ለመክሰስ አልጻፍሁምና ስሙን አልጠራም። የጥሪው ማስታወቂያ የወጣው ቴሌግራም በሚባለው የስልክ መልእክት መላኪያ ነበር። እዚህ ላይ ወንድ አያቴን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ «ጥሪው በቴሌግራም መጣ» ብንላቸው ደንግጠው «ደግሞ ማን ሞተ?» አሉን። በእርሳቸው ዘመን ቴሌግራም በመልእክተኛ እጅ የሚመጣ አጭር ወረቀት ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያመጣው መርዶ ነበረ። እኛ ሳቅን። ኋላ ሳስበው ግን የእርሳቸው ቴሌግራም ከእኛው የሚሻልበት አንድ ነገር ነበረው፤ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሰጥ፥ የተላከለት ሰው መቀበሉ ይታወቅ ነበር።

እንግዲህ የጥሪውን ማስታወቂያ አንዲት ጓደኛዋ በስልክ ፎቶግራፍ አድርጋ አሳየቻት። ቀኑ ተቈረጠ። አባቷ ሁለት በጎች ሸጡ፤ አክስቴም በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጁ። ለብቻዋ አትሄድም ተብሎ አባቷ አብረው ተነሡ። በእነዚህ ዓመታት የክልላችን መንገድ እንዴት እንደ ነበረ የምታውቁ ወላጆች፥ አንዲትን ልጅ ለሩቅ ጉዞ ማሰናዳት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያሳጣ ታውቃላችሁ። ሁለት ቀን ተጕዘው ሲመሽ ከግቢው በር ደረሱ። በሩ ተዘግቷል። የጥበቃው ሠራተኛ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሻንጣዋን አይተው፥

«ልጄ፥ ጥሪው ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል እኮ፤ አልሰማችሁም እንዴ?» አሏት።

አባቷም «ከማን እንስማ ጌታዬ?» ብለው መለሱ።

ጥሪው መተላለፉን የሚናገረው ማስታወቂያ የወጣው እነርሱ ከመንደራቸው ከመነሣታቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፥ ምሽት ላይ ነበር። በዚያው ገጽ ላይ ከፊተኛው በላይ ተለጠፈ። የፊተኛው ግን አልተነሣም፤ እዚያው እንደ ነበረ ቀረ፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተውም ያው የፊተኛው ነው። አባትና ልጅ ሦስት ሌሊት አልጋ ተከራይተው ምናልባት ይጠሩን ይሆናል ብለው ጠበቁ። ከዚያ ተመለሱ። ሁለተኛው ጥሪ በመጣ ጊዜ የሚሸጥ በግ ስላልነበረ የመሳፈሪያው ገንዘብ በብድር ተገኘ፤ ዕዳውም ይህን ስጽፍ ገና ተከፍሎ አላለቀም።

አሁን የራሴን ልናገር። ያን ምሽት እኔ በደብረ ታቦር ከቤታችን ተቀምጬ፥ ጥሪው መተላለፉን የሚናገረውን ማስታወቂያ በስልኬ አንብቤዋለሁ። አንብቤም «መልካም ነው፤ ጥቂት ቀን ታርፋለች» ብዬ ስልኬን አስቀመጥሁ። ነገሩ የእርሷ ስለ ሆነ ከእኔ በፊት ሰምታለች ብዬ ነው። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመንደራቸው የስልክ መስመር የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጕብታ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ቀበሌ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ግን ማታ ማታ ወደ ጕብታው እየወጡ ቤተ ሰባቸውን ያነጋግራሉ። የእርሳቸው ቍጥር በአባቴ ስልክ ውስጥ ነበረ፤ አባቴም ያን ጊዜ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ራቱን ይበላ ነበር።

ይህን ታሪክ ለአንድ በጣም ለማከብራቸው መምህሬ ባጫውታቸው፥ «ዩኒቨርሲቲ በየጎጡ እየዞረ ሊናገር አይችልም፤ መማር የሚፈልግ ተማሪ ማስታወቂያን መከታተል የራሱ ፈንታ ነው» አሉኝ። አሳባቸው በከፊል እውነት ነው፤ ተማሪ የሆነ ሰው ጉዳዩን ሌላ ሰው እንዲከታተልለት መጠበቅ የለበትም። ነገር ግን መከታተልም ራሱ መንገድ ይፈልጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ማለፋቸውን የማያስታውስ ማን ነው? በክልላችን ወዳሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተመደቡ ብዙ ተማሪዎች ጥሪ ሲጠባበቁ በየቤታቸው ወራት ያሳለፉትም በዚያው ጊዜ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያ ያን ጊዜ ለእኛ በጨለማ ዓይን እንደ መጥቀስ ያለ ነበረ። ጠቃሹ ጠቅሻለሁ ይላል፤ ያየው ግን የለም።

በእኔ አስተያየት የስሕተቱ ሥር እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ አውጪው ወረቀቱን በለጠፈ ጊዜ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። አንባቢውም ለራሱ ባነበበ ጊዜ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል ያልሰማው ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ከተዘጋ በር ይደርሳል።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ይህን ከእኛ ይልቅ አውቀውት ነበር። አዋጅ ሲነገር አስቀድሞ ነጋሪት ይጐሰማል። የነጋሪቱ ሥራ ሰውን መሰብሰብ ነው፤ ቃሉ የሚነገረው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፥ ይልቁንም በገበያ ቀን በገበያ ስፍራ ነው። ከቃሉም ጋር «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ይህን አነጋገር ዛሬ በቀልድ ብቻ እንጠቅሰዋለን። ረጋ ብለን ብናስበው ግን ታላቅ አሳብ አለበት። አዋጅ ነጋሪው ድምፁ እስከ የት እንደሚደርስ ያውቀዋል፤ ታሞ ወይም ከብት ሲጠብቅ ከገበያ የቀረ ሰው እንዳለም ያውቃል። ስለዚህ የቀረውን መንገድ ለሰሚው ያሸክመዋል። ሰሚው ከገበያ ጨውና በርበሬውን ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ቃሉንም ይዞ ይመለሳል፤ እስኪያደርሰውም ድረስ ባለዕዳ ነው። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ ዛሬም የፌዴራሉ ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ የነጋሪትን ስም እንደ ያዘ ነው። ስሙ ከበሮ ነው፤ ነገር ግን ወረቀት አይጐሰምም። እርሱን ለማሰማት ሰው ያስፈልጋል።

ከነጋሪትም ይልቅ እኔን የሚያስደንቁኝ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባው ሲሰማ ሰው ሁሉ ከመኝታው ቀና ይላል። ከዚያ የሚናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ የሞተው ማን እንደ ሆነ፥ የሚቀበረው በየትኛው ደብር እንደ ሆነ፥ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ። ትርፍ ቃል የላቸውም። በየማዕዘኑ ቆመው ይደግሙታል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጅ ይጠበቅ ተብሎ የቀብሩ ሰዓት ከተለወጠ ደግሞ፥ በነፉበት መንገድ ሁሉ ተመልሰው ይነፋሉ፤ የጠዋቱን ቃል ሜዳ ላይ ጥለው ወደ ቤታቸው አይገቡም። እኒህ ሰው ፊደል የቈጠሩ አይደሉም፤ ሆኖም ከሰፈራችን አንድ ሰው ተሳስቶ ሌላ ደብር ሄዶ ቀብር ሲጠብቅ ዋለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የተማሩ ሰዎች በሚያወጡት ማስታወቂያ ግን ተሳስተው የሄዱ ሰዎችን ቍጥር ለመናገር የእኔ ጣቶች አይበቁም።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን ሁለት የቀን አቈጣጠርና ሁለት የሰዓት አቈጣጠር ጎን ለጎን ይኖራሉ። የዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ቀኑም በፈረንጅ አቈጣጠር ይሆናል። ኦክቶበር 5 ተመዝገቡ የሚለውን ማስታወቂያ አንድ ሰው ለገጠር ዘመዱ በስልክ ሲነግር «ጥቅምት 5 ነው» ይለዋል፤ በትምህርት ቤት ኦክቶበር ማለት ጥቅምት ነው ብለን ተምረናልና። ኦክቶበር 5 ግን መስከረም 25 ነው። ስለዚህ በጥቅምት 5 የሚደርሰው ተማሪ ዐሥር ቀን ሙሉ ዘግይቷል፤ ምዝገባው ካለፈ ሰንብቷል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 8፡00 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቈጣጠር 2 ሰዓት ነው። ጠዋት የሚለው ቃል ከቀረና 8፡00 ብቻ ከተጻፈ ግን፥ የገጠሩ ሰው ምሳውን በልቶ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ይመጣል፤ ስድስት ሰዓት አሳልፎ ማለት ነው። ይህን ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መገሠጽ ትክክል አይደለም። በአገሩ ሰዓት በልኩ የመጣ ሰው ነውና። አንድ መስመር ጨምሮ «መስከረም 25 ቀን፥ ጠዋት በእኛ አቈጣጠር 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጃል? አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ይህን እንደሚያደርጉ አይቻለሁ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚጐዳው የማያደርጉት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ገንዘብና ጊዜ ስለሚያጠፋ ማስታወቂያ ነው። ስለ ሕይወት አደጋ የሚናገር ማስታወቂያ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል።

በ1997 ዓ.ም. ከእኛ ዞን ወገን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰው ሁሉ ይታመም ጀመር። ትኵሳቱ ሳምንታት ይቈያል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ጣፊያ ያብጣል። በመጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ፤ የወባ መድኃኒት ቢሰጥ ግን አልሻል አለ፤ ሰውም ሞተ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍና ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ ይህ በሽታ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነበር። የእኛ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያው ወርደው ይመለሳሉ። በሽታው ከተመላሾቹ ጋር ወደ ደጋው ሳይወጣ እንዳልቀረ ሐኪሞች ጽፈዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እውቀቱ በሑመራ ነበረ፤ በሽተኛው በሊቦ ከምከም ነበረ፤ በሽታው መንገዱን አግኝቶ ሲመጣ ወሬው ግን አብሮት አልመጣም። «ከቆላ የተመለሰ ሰው ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኵሳት ከያዘው ወባ ነው ብሎ ዝም አይበል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በየገበያው ቢነገር ኖሮ፥ ስንት ሰው ቀድሞ ወደ ሐኪም በሄደ ነበር ብዬ አዝናለሁ።

ስለ ጎርፍም እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ወገን ወርደው በፎገራ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው በሺህ የሚቈጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅለዋል። ዝናቡ ጉና ላይ ሲወርድ አስቀድሞ የሚያየው የላይኛው አገር ሰው ነው፤ እኛ ነን ማለት ነው። የሚሰጥመው ግን የታችኛው ነው። ከላይ ያየ ሰው ታች ላለው ካልደወለ፥ ከጣና ወዲያ ማዶ የሚቀመጥ መሥሪያ ቤት ስለ ከባድ ዝናብ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ብቻውን ላሙን ከሜዳ አያወጣለትም። ማስጠንቀቂያም ቢሆን «ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ብሎ ማቆም የለበትም፤ ከብቱን ወዴት ያውጣ፥ ልጆቹን ከማን ዘንድ ያስጠጋ? ይህን የማይናገር ማስጠንቀቂያ አስፈራርቶ መሄድ ብቻ ነው።

ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንደሚደርስ በዓይናችን ያየነው በኮሮና ዘመን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው በአገራችን መገኘቱ ተነግሮ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ኢትዮ ቴሌኮም የስልኩን መጥሪያ ድምፅ አንሥቶ በምትኩ ስለ መጠንቀቅ የሚናገር ድምፅ አስገባ። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ሴት አያቴ ስልክ በደወሉ ቍጥር ለድምፁ «እሺ እናቴ፥ እታጠባለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ሲመልሱ እንስቅ ነበር። ነገር ግን እጃቸውን ታጠቡ! ማንበብ የማይችሉ የሰማንያ ዓመት ሴት፥ ከአልጋቸው ሳይነሡ፥ በሚያውቁት ቋንቋ፥ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጭምር ሰሙ። ከእርሱ የሚሻል ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አላየሁም። ጕድለቱ አንድ ነው፤ ያው ቃል ሳይለወጥ ብዙ ወር ስለ ቈየ ሰው ስልኩን ከጆሮው እያራቀ መጠበቅ ለመደ። አያቴም ኋላ ኋላ መመለሱን ተዉት። በሰሌዳ ላይ ዓመት የሚከርም ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ የአምናው ካልተነሣ የዘንድሮውን የሚያነበው የለም። የእኛን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ወረቀት በወረቀት ላይ እንደ ድሪቶ ተደራርቦ ያገኘዋል፤ ይህን በመጻፌ የሚቈጡኝ ካሉ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ስለ መጪ ጉባኤና በዓል የሚነገረውን ማስታወቂያ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የቀረበት ሰው አይሞትምና። ቢሆንም ቀድሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የተማሪዎች የግጥም ውድድር ሲደረግ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀሩ ተገኝተው ያዳምጡ እንደ ነበር ይነገራል። በግጥሙ ውስጥ የሚነቀፉት እነማን እንደ ነበሩ ስናስብ ደግሞ መጋበዙም መገኘቱም ያስደንቃል። ዛሬ በብዙ ግቢዎች ለሕዝብ የተከፈተ ንግግር ሲኖር ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ መከፈቱን የነገረን ግን የለም።

ደግሞ ሐሰተኛ ማስታወቂያ አለ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በፌስቡክ ወጥቶ፥ ፈተናው በሚጀመርበት ቀን መሰረዙን ታላላቆቻችን ዛሬም በምሬት ይናገሩታል። ከዚያ ወዲህ ሌባው ጥበብ ጨምሯል፤ የዩኒቨርሲቲን ስምና ማኅተም አስመስሎ ገጽ ከፍቶ ገንዘብ ላኩ የሚል አለ። ስለዚህ ማስታወቂያን ማሰማት ማለት የተባለውን ሁሉ ማራገብ ማለት አይደለም። ማን እንዳወጣው፥ መቼ እንዳወጣው የማይናገር ወረቀት ከእኔ እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ማለፍ የለበትም።

ይህን ሁሉ በመናገር ብቻ እንዳልቀር፥ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከኅዳር ወር ጀምሮ አንድ መዝገብ ይዘናል። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የጥሪም ሆነ የምደባ፥ የጤናም ሆነ የመንገድ ማስታወቂያ ሲወጣ ከአወጣው መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አይተን፥ ወይም በስልክ ጠይቀን፥ በአማርኛ እንጽፈዋለን። ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር፥ ሰዓቱን በእኛው እናደርጋለን። የፊተኛውን የሚሽር ከሆነ የፊተኛውን በቀይ እንሰርዘዋለን። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ በሚኒ ሚዲያው ይነበባል።

ዋናው ነገር ግን ዓርብ ነው። እንደምታውቁት ከገጠር መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን ዓርብ ዓርብ ለስንቅ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ፤ ወደ ፋርጣ፥ ወደ እስቴ፥ ወደ እብናት፥ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ። እሑድ ሲመለሱ እንጀራና ሽሮ ይዘው ይመጣሉ። ሲሄዱ ግን እጃቸው ባዶ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጠን እንሰጣቸዋለን፤ ወስደውም ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ እንዲያነቡት እንለምናቸዋለን። ለማን እንደ ተነበበ እሑድ ማታ በመዝገቡ ላይ ይጽፋሉ።

ነገሩ ሁሉ እንዳሰብነው ሄደ ብዬ አልዋሽም። በመጀመሪያው ወር ወደ እብናት የላክነውን ወረቀት ተሸካሚው ለአንድ ባለሱቅ ሰጥቶት «ለሰዎቹ ይንገሩልኝ» ብሎ ተመለሰ። ባለሱቁም ስኳር ጠቀለሉበት። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፤ ወረቀቱ ይነበባል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱን ቀን እኔው ራሴ ስገለብጥ ተሳስቼ በሁለት ቀን አሳለፍሁት፤ ያረመችኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንዲሁም ሆኖ እስከ የካቲት መጨረሻ ዐሥራ ሰባት ወረቀት ሄዷል፤ የዐሥራ አራቱ መልስ በመዝገቡ ላይ ተጽፏል። የአክስቴም ልጅ ከሄደችበት ግቢ ሆና የምታየውን ማስታወቂያ በዚያው ምሽት ትልክልናለች፤ በመጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «ደረሰ በሉኝ» ብላ ትጽፋለች፤ እኛም ደረሰ እንላታለን።

ወላጆች ሆይ፥ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። በየቀበሌያችሁ ማታ ማታ የስልክ መስመር ወደሚገኝበት ጕብታ የሚወጣ ሰው ካለ፥ ፈቃዱን ጠይቃችሁ የስልኩን ቍጥር በልጆቻችሁ በኩል ላኩልን። መምህራኖቻችን ደግሞ አሮጌውን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ እንድናነሣ ይፍቀዱልን፤ ሙጫ መፋቂያውን እኛው እናመጣለን።

ለዚህ ሳምንት ለስማዳና ለታች ጋይንት ሁለት ወረቀቶች ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ ተሸካሚ ግን አላገኙም። ዓርብ በዚያ በኩል ለስንቅ የሚሄድ ተማሪ ካለ፥ ከትምህርት በኋላ በእኛ አቈጣጠር በ10 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ በር እጠብቀዋለሁ።